አንዲት ክፍልና አንዲት ሴት

ይድረስ፤ ለጎንደር ከተማ አስተዳደር፣ በተለይም የትምህርት፣ የጤና፣ የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ አደራ ለተሰጣችሁ ሹማምንት፤
ግልባጭ፤ ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ለአድባራት አስተዳዳሪዎች፣ ለእድር ዳኞች፣ ሴት ልጅ ላላቸው ወላጆች ሁሉ፤



ከፒያሳ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ በፋሲል ግቢ አጠገብ በቆመው በጃንተከል ዋርካ ሥር፣ በቀድሞ ዘመን አዋጅ ይነገርበት፣ የተበደለም ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ «አቤት!» ይልበት እንደ ነበር አባቶቻችን ሲነግሩን ኖረዋል። ዛሬ ነጋሪትም ጎሳሚም ስለሌለ፣ የእኔም ድምፅ በዕድሜ ብዛት ስለ ደከመ፣ አቤቱታዬን በወረቀት አስፍሬ ወደ እናንተ መላክን መርጫለሁ። የምከስሰው ሰው የለኝም፤ ክስ ካለም ወደ ታች እንደምታነቡት በመጀመሪያ የሚቆመው በራሴ ላይ ነው። የምለምናችሁ ነገር መሬት አይደለም፣ የጡረታ ጭማሪም አይደለም፤ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 14 ዓመት ለሆነ የዚህች ከተማ ሴቶች ልጆች፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል፣ አንዲት ክፍልና አንዲት ሴት እንዲሰጣቸው ነው።

ሠላሳ አራት ዓመት በመምህርነት ሳገለግል፣ ወደ ከተማ ከመዛወሬ አስቀድሞ፣ በሰሜን ደጋ በአንድ ትምህርት ቤት የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት፣ ጭጋጉ ገና ከገብሱ ላይ ሳይነሣ፣ ክፍልፋይ እያስተማርሁ ሳለ በሦስተኛው ረድፍ የተቀመጠችውን አንዲት ተማሪ፣ ዐሥራ ሁለት ወይም ዐሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ወደ ሰሌዳው ወጥታ እንድትሠራ በስሟ ጠራኋት። አልተነሣችም። ዳግመኛ ጠራኋት፤ በሁለት እጇ የዴስኩን ጠርዝ ጨብጣ፣ ጉልበቷን ገጥማ፣ ዓይኗን ከደብተሯ ሳታነሣ ዝም አለች። ሦስተኛ ስጠራት ወንዶቹ መሣቅ ጀመሩ፤ እኔም መምህር ሲደፈር ማድረግ የሚገባው ነው ብዬ የማምነውን አደረግሁ፤ ወላጅ ሳታመጣ ክፍል እንዳትገባ አዘዝሁና ክፍልፋዬን ቀጠልሁ። ደወል ተደውሎ ልጆቹ ሁሉ ለዕረፍት ሲወጡ እርሷ ብቻ ከመቀመጫዋ አልተነቃነቀችም። መጥረጊያዋን ይዛ የገባችው የጽዳት ሠራተኛ ግን፣ ፊደል ያልቆጠረችው ሴት፣ ከደጃፉ ሆና አንድ ጊዜ ብታያት ነገሩን ዐወቀችው፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ በልጅቱ ወገብ ላይ አዞረችላት፣ ደግፋም በጓሮ በኩል ወሰደቻት፣ ተመልሳም መቀመጫውን በውኃ አጠበችው። ይህን የሰማሁት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ልጅቱ ወላጅም አላመጣች፣ ራሷም አልመጣች፤ ዓመቱ ሳያልቅ መዳሯን ሰማሁ።

የደሙ ነገር በጨርቅና በሳሙና የሚያልቅ ነበር። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ ያቺ ልጅ በዚያች ሌሊት ነገሯን ለማን ነገረችው? ለእናቷ እንዳትነግር ነውር ነው፤ ለጓደኛዋ እንዳትነግር ሥቀውባታል፤ ለመምህሯ እንዳትነግር የቀጣት እርሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየክፍሉ አንድ ነገር ሳስተውል ኖሬአለሁ። ወንድ ልጅ ሲጨንቀው ድንጋይ ይወረውራል፣ ይደባደባል፣ ከቤት ይኮበልላል፤ ሕመሙ በአደባባይ ስለሚውል፣ ሰው ቢቈጣውም እንኳ ያየዋል። ሴት ልጅ ሲጨንቃት ዝም ትላለች፤ ለዚህ ዝምታዋም በቋንቋችን እጅግ ያማሩ ስሞች አዘጋጅተንለታል፤ ጭምት፣ ጨዋ፣ ዐይነ አፋር፣ አንገቷን የምትደፋ፣ ድምፅዋ ከጎረቤት የማይሰማ። ከእኩዮቿ ስትለይ ቤቷን ትወዳለች እንላለን፤ እህል ሲያስጠላት ጾሙን አጠበቀች እንላለን፤ እንቅልፍ አጥታ ከዶሮ ጩኸት በፊት ስትነሣ ታታሪ ናት ብለን ለጎረቤት እናስመሰግናታለን። ነገሩ ገፍቶ አንድ ቀን የወደቀች ወይም የጮኸች እንደ ሆነ ግን፣ ያን ጊዜ ብቻ፣ ዓይነ ጥላ ነው፣ ቡዳ ነው እያልን እንባንናለን። የገዳም አባቶች አርምሞ በፈቃድ የሚያዝ፣ በጸሎት የሚጠበቅ ታላቅ ተጋድሎ መሆኑን ዐውቃለሁ፣ አከብረዋለሁም፤ ነገር ግን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የምትናገርበት ስፍራ ስላጣች ብቻ የያዘችውን ዝምታ ከዚያ ጋር አስተካክለን ትሩፋት ማድረጋችን ትልቅ ስሕተት ይመስለኛል።

ሊቃውንቱ ጭንቀትና ድባቴ የሚሉትን ሕዝባችን «ሆዴን ባር ባር አለኝ»፣ «ሆድ ባሰኝ» እያለ ሲናገረው ኖሯል፤ ስለዚህ ሕመሙ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው የሚለኝ ሰው ቢኖር ቋንቋው ራሱ ይመስክርበት። የዓለም የጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑት ልጆች ከ7ቱ አንዱ የአእምሮ ጤና እክል እንዳለበት ይገምታል። በእኛ አገር ደግሞ በዚህ ላይ የሚደረብ ሸክም አለ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ዓመት ከነበሩት የኢትዮጵያ ሴቶች እኩሌታዎቹ ገና 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው ማግባታቸው ታውቋል፤ በክልላችን ያለው ቁጥር ከዚህም ያነሰ ነው። ሕጉ አልጎደለም፤ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት መሆኑ ተደንግጓል፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 648 ያለ ዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል። ደግሞም ጦርነቱ አለ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከአዲ አርቃይና ከአካባቢው ተፈናቅለው ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት የመጡትን አይተናል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በሚሊዮን የሚቈጠሩ ልጆች ከፊደል ገበታ ርቀው ከርመዋል። ወንድሙ ጫካ የገባ፣ አባቱ የቀረ፣ ተኩስ የሰማ ቤት ብዙ ነው፤ በዚያ ቤት ውኃ የምትቀዳው፣ ሕፃን የምታዝለው፣ የእናቷን ልቅሶ ሌሊት የምትሰማው ግን ይህች ጭምት የምንላት ልጅ ናት።

እንግዲህ ልመናዬ ከየት እንደ መጣ ልናገር። አዲስ ነገር አልፈጠርሁም፤ ከዓባይ ወዲያ ማዶ፣ በዚሁ በክልላችን፣ በምዕራብ ጎጃም በይልማና ዴንሳ ወረዳ ሞሰቦ በምትባል ቀበሌ በ1996 ዓ.ም. «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ሥራ ተጀምሮ ነበር። የወጣቶችና ስፖርት መሥሪያ ቤት ከፖፑሌሽን ካውንስልና ከተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ ጋር ሆኖ የጀመረው ሥራ፣ ልጃገረዶቹ በአካባቢው በተመረጡ ሴቶች መካሪነት በየቡድኑ እንዲሰበሰቡ፣ ትምህርት ቤት ለሚሄዱትም ደብተርና እርሳስ እንዲሰጥ፣ ሽማግሌዎችና ካህናትም በማኅበረሰብ ውይይት ተቀምጠው ነገሩን እንዲመክሩበት ያደረገ ነበር። ልጁን ሳይድር ሁለት ዓመት ለፈጸመ ቤተሰብ አንዲት ፍየል ትሰጥ ነበር፤ ይህች ፍየል በአንዳንድ ጉባኤ ላይ ስታስቅ ሰምቻለሁ፣ የደጋ ገበሬ ግን አይሥቅባትም። ከሁለት ዓመት በኋላ በተደረገው ምዘና ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆኑት ልጃገረዶች፣ ሥራው ካልደረሰበት ስፍራ ካሉት እኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሲሆን የመዳር ዕድላቸው ከዐሥር አንድ ያህል ብቻ ሆነ። ነገር ግን ከ15 እስከ 19 ዓመት የሆኑትን ሥራው ከጋብቻ አላገዳቸውም፤ እንዲያውም የማግባት ዕድላቸው በዝቶ ተገኝቷል። ይህን ሁለተኛውን ውጤት ብዙ ጊዜ አይጠቅሱትም፤ ለእኔ ግን ከመጀመሪያው የበለጠ ያስተማረኝ እርሱ ነው፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚመጣ መካሪ፣ ውኃ ከፈሰሰ በኋላ እንደሚመጣ እንስራ ነውና፣ ልመናዬን በ10 እና በ14 መካከል አጥብቄ የያዝሁት ስለዚህ ነው።

ብርሃነ ሔዋን ጋብቻንና ትምህርትን እንጂ የልጃገረዶቹን ልቡና በቀጥታ ሊለካ እንዳልተነሣ አልሸሽግም። ሆኖም ብቸኝነት በሽታ ሲሆን መድኃኒቱ በምን መልክ እንደሚመጣ ከዚያ መማር ይቻላል። በ1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ የተጀመረው «ብሩህ ተስፋ»፣ ከገጠር መጥተው በሰው ቤት የሚያገለግሉትን፣ ወላጅ የሌላቸውንና ትምህርት ያቋረጡትን ልጃገረዶች ለማግኘት መካሪዎቹን ቤት ለቤት ያስዞር ነበር፤ እንዲህ ያለችው ልጅ ማስታወቂያ አንብባ የምትመጣ አይደለችምና። ከእኛ በስተ ደቡብ፣ በደቡብ ጎንደር፣ ኬር የተባለው የእርዳታ ድርጅት ባካሄደው «ተስፋ» በተባለው ሥራ ደግሞ 5000 ያህል ገና በልጅነታቸው የተዳሩ ልጃገረዶች በቡድን ተሰብስበው ሲቈጥቡና ሲመካከሩ ቈይተዋል። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ግን እርዳታው ከሠርጉ በኋላ የደረሰላቸው ናቸው።

ስለ ልቡናው ነገር በቀጥታ የተዘጋጀ ሥርዓት እንዳለም ልንገራችሁ። የዓለም የጤና ድርጅት ለአፍላ ልጆች ያዘጋጀው «ኢዝ» የሚባለው የቡድን ሥርዓት ልጆቹ ሰባት ጊዜ፣ ወላጆቻቸው ወይም አሳዳጊዎቻቸው ሦስት ጊዜ የሚገናኙበት ነው፤ ስሜትን በስሙ መጥራት፣ ትንፋሽን ቀስ አድርጎ መሳብ፣ የተዉትን ደስ የሚያሰኝ ሥራ በጥቂቱ መመለስ፣ የገጠመን ችግር ከፋፍሎ ማየት ይለማመዱበታል። የሚመራው የአእምሮ ሐኪም መሆን አይገባውም፤ ተገቢውን ሥልጠና ያገኘና የሚቈጣጠረው ባለሙያ ያለው ተራ ሰው ይበቃል። በዮርዳኖስ በሶርያ ስደተኞች ልጆች መካከል ተፈትኖ ከተለመደው እርዳታ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። በዚምባብዌም ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ደጃፍ አግዳሚ ላይ እያስቀመጠ፣ ሆድ የባሰውን ሰው ሁሉ አጠገባቸው ተቀምጦ እንዲያዋያቸው አድርጓል። ስለዚህ ሥራ ባነበብሁ ቁጥር የምትታወሰኝ ያቺ የጽዳት ሠራተኛ ናት።

በአንጻሩ ደግሞ በብሪታንያ በ85 ትምህርት ቤቶች ከ8000 በላይ ልጆችን ይዞ የተደረገ ታላቅ ሙከራ ነበር፤ መምህራን በክፍል ውስጥ ለሁሉም ልጆች የኅሊና ጸጥታን ልምምድ እንዲያስተምሩ ተደረገ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ ከተለመደው ትምህርት የተሻለ ነገር አልተገኘበትም። ይህን የማነሣው ነገሩ በሥርዓተ ትምህርት ላይ አንድ ምዕራፍ በመጨመር ያልቃል የሚል ሰው በመካከላችሁ እንደማይጠፋ ስለምገምት ነው። እኔም ሠላሳ አራት ዓመት ምዕራፍ ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ ያቺ ልጅ በዚያ ጠዋት ያጣችው ምዕራፍ አልነበረም።

አሁን ወደ ቤቴ ልመልሳችሁ። ባለቤቴ በጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ባለፈው ዓመት ከሰፈራችን ሰባት ልጃገረዶችን ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ በ9 ሰዓት እየሰበሰበች ታስቀምጥ ጀመር። የመጀመሪያው ቅዳሜ እንዲሁ አለፈ፤ እርሷ ትጠይቃለች፣ እነርሱ ጫማቸውን ያያሉ። በሁለተኛው ቅዳሜ በእያንዳንዷ ፊት ሰፌድ አስቀምጣ፣ ለቆሎ የሚሆን ገብስ ስፍር ስፍር አድርጋ፣ «እስቲ ልቀሙልኝ» አለቻቸው። በእውነት የዚያን ገብስ ያህል ተደጋግሞ የተለቀመ ገብስ በጎንደር ያለ አይመስለኝም! እጃቸው ሥራ ሲይዝ፣ ዓይናቸውም የሚያርፍበት ሲያገኝ፣ አፋቸው መፈታት ጀመረ፤ በክፍሉ የተነገረ ነገር ከጠጠሩና ከእንክርዳዱ ጋር እንዲቀር ተማማሉ። የምነግራችሁም ልጆቹ ራሳቸው ፈቅደው ባለቤቴ ያጫወተችኝን ብቻ ነው። በአራተኛው ቅዳሜ ከመካከላቸው ታናሺቱ፣ ቀና ሳትል፣ ሌሊት ሦስት ጊዜ እየተነሣች መዝጊያው መቀርቀሩን እንደምትዳስስ ተናገረች። ጥቂት ዝም ተባለ። ከዚያ ከወዲያኛው ጥግ አንዷ «እኔም» አለች፤ ቀጥሎም ሌላዋ «እኔስ ብትዪ» አለች፤ አራተኛዋም እናቷ እንዳትነቃ በባዶ እግሯ እንዴት እንደምትሄድ ስትነግራቸው ሁሉም ሣቁ። ባለቤቴ በዚያ ቀን ምንም ምክር አልሰጠችም። ቡናውን አፍልታ፣ ቆሎውን ቈልታ፣ እስከ በረካ ድረስ አስቀመጠቻቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ታናሺቱ አሁን አንድ ጊዜ ብቻ እንደምትነሣ ተናገረች። ከሰባቱ አንዷ ግን ከቡድን በላይ እርዳታ የሚያስፈልጋት ሆና ስለ ተገኘች ባለቤቴ ከእናቷ ጋር ወደ ሐኪም ወስዳታለች።

የሰባቱ ወሬ ሲሰማ ዐሥራ ዘጠኝ ሆኑ፤ ያለችን ሳሎን ደግሞ አንዲት ናት። አንዲት እናት መጥታ «ለመሆኑ የየትኛው ፕሮጀክት ነው? ስንት ስንት ይከፈላቸዋል?» ብላ ጠየቀች፤ አልፈረድሁባትም፤ ሰው የሚሰበሰበው ለአበል ነው ብለን ያስተማርናት እኛ ነን። ሌላዋ የየትኛው ሃይማኖት ስብከት እንደ ሆነ ልታጣራ መጣች፤ ተቀምጣ ገብስ ለቅማ ሄደች። ክረምቱ ሲገባ በረንዳውም ስለማያስቀምጥ ነገሩ ቆመ፤ እስካሁንም እንደ ቆመ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህ የንስሐ አባትን ስፍራ፣ የጠበሉንም ክብር የሚቀማ ነገር እንዳይሆን ይሠጋሉ። ሥጋታቸውን አልንቅም፤ ሆኖም ንስሐ ኃጢአት ለሠራ ነው፣ ተኩስ ሰምታ እንቅልፍ ያጣች ልጅ ግን የሠራችው ኃጢአት የለም። ካህኑ በዐውደ ምሕረት ቆመው «ልጆቻችሁን ወደዚያች ክፍል ላኩ» ቢሉ ከእኔ ዐሥር ደብዳቤ ይልቅ ይሰማሉ። የልጃገረዶች ተሰብስቦ መዋልም ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአደይ ወራት ለአበባየሆሽ ቄጤማና አበባ ይዘው በየደጁ ሲዞሩ ማን ከለከላቸው? ችግሩ በዓሉ በዓመት አንድ ጊዜ መሆኑ ነው። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች የልጃገረዶች ክበብ እንዳለ ትነግሩኝ ይሆናል፤ አዎን፣ አለ፤ በግድግዳ ላይ ተጽፎ አይቸዋለሁ፤ ማርች 8 በመጣ ቁጥርም ቲሸርት ይለብሳል።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲን በግልባጭ የጠራሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም፣ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት አሠልጥኖ፣ በሽተኛው እስኪመጣ ሳይጠብቁ ወደ መንደሩ እንዲወርዱ ያደርግ ነበር፤ ወባ ደንቢያን በፈጀበት ዘመን አገሩ የተማረው ትምህርት ይህ ነበርና። ያ ልማድ ዛሬ ለሥጋ ብቻ ሳይሆን ለልቡናም ቢዘረጋ፣ መካሪዎቹን የሚያሠለጥን፣ በየወሩ ሰብስቦ የሚያዳምጣቸው፣ ከእነርሱ አቅም በላይ የሆነችውንም ልጅ የሚቀበል ባለሙያ ሩቅ አገር መፈለግ አያሻንም።

ስለዚህ ዝርዝሩን አሳጥሬ ላቅርብ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በየትምህርት ቤቱ ተቈልፈው የሚውሉ ክፍሎች አሉ፤ ከእነርሱ መካከል በፒያሳ ዙሪያ ሁለት፣ በአዘዞ አንድ፣ በማራኪ አንድ ይከፈቱ። በአጠገባቸው ውኃ ያለው፣ ከውስጥ የሚዘጋ የሴቶች መጸዳጃ ይኑር፤ ይህ ከሌለ የቀረውን ሁሉ ባትጀምሩት ይሻላል። መካሪዎቹ በዲፕሎማ ብዛት አይመረጡ፤ የሰፈሩ እናቶች ራሳቸው «ልጄን ለእርሷ አምናለሁ» የሚሏትን ይጥሩ፤ ለድካሟም በየወሩ የሚቈረጥላት ገንዘብ፣ ትንሽም ቢሆን፣ በከተማው በጀት ውስጥ ይግባ፤ በእርዳታ ገንዘብ የተከፈተ በር የእርዳታው ዘመን ሲፈጸም እንደሚዘጋ ዐይተናልና። በሰው ቤት የምታገለግለዋ ልጅ እንዳትቀር አሠሪዋን የሚያናግር የቀበሌ ሰው ይመደብ። ለመጀመሪያው ዓመት የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው፤ ፎቶግራፍ አንሺና የመክፈቻ ሥነ ሥርዓት አያስፈልግም።

ክፍሉ የሚከፈት የሆነ እንደ ሆነ ባለቤቴ ሰፌዶቿን ይዛ ለመምጣት ዝግጁ ናት። ገብሱን እኔ እሸከማለሁ፤ ከደጃፉም እመለሳለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
አንድ ጡረተኛ መምህር
ፒያሳ፣ ጎንደር